ውሃው እስኪደርስ ድረስ

ባለፈው ሐሙስ ሐናን የኬሚስትሪ መጽሐፏን አቅፋ መጣች። ሐናን የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ናት። ገዳሪፍ ተወልዳ ገዳሪፍ ያደገች፣ አማርኛውን ጀምራ መንገድ ላይ ሲደክማት በዓረብኛ የምትጨርስ ልጅ። ፈተና ስለደረሰባት ሰሞኑን ከቤቴ አትጠፋም። እኔም ማስተማር ከተውኩ ወዲህ የምጨቃጨቀው ሰው ስለጠፋ መምጣቷን እወደዋለሁ፤ ለእሷ ግን አልነግራትም።

«ያ ኻልቲ ገነት፣ ወላሂ ይሄ ሱዓል አልገባኝም» አለችና ገጹን ዘርግታ ፊቴ አስቀመጠችው።

ጥያቄው ስለ ኬሚካላዊ ለውጥ ፍጥነት ነው። አንድ ለውጥ በሠላሳ ዲግሪ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ፍጥነቱ በግማሽ የሚቀንስ ከሆነ፣ በአሥራ አምስት ዲግሪ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

«አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው» አልኳት።

ሐናን የመጽሐፉን መጨረሻ ገልጣ መልሱን አየችና አፏን ያዘች። «እርሳስ እንኳ ሳትይዢ! ኬፍ አወቅሽው?»

«ቀድሜ ሠርቼው ነበር።»

መቼ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ልጆች እንዲህ ያለውን አይጠይቁም። አሠራሩን አሳየኋት፣ ገባት፣ ደስ ብሏት ሄደች። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ቀረሁ። የፀሐዩ ግለት በረድ ብሎ ጎረቤቶቼ ወንበራቸውን ወደ ደጅ ሲያወጡ እሰማለሁ፤ ወጥቼ ሰላም ማለት እንኳ አቃተኝ። ያን ሒሳብ የሠራሁት በከሰል፣ በባዶ የዱቄት ማዳበሪያ ላይ፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ታኅሣሥ ወር ነው። መልሱን በማግኘቴ ያዘንኩበት የሒሳብ ጥያቄ እሱ ብቻ ነው።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገር። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ላይ ሳለሁ ጓደኞቼ እየታፈሱ መጥፋት ጀመሩ። ሸሽቼ ጎንደር ወላጆቼ ዘንድ ገባሁ፤ ጎንደርም የባሰች ሆና ቆየችኝ። እናቴ አንድ ቀን የራሷን ነጠላ አልብሳ ከነጋዴዎች ጋር በመተማ በኩል ሸኘችኝ። ገዳሪፍ ስገባ የያዝኩት ዕውቀት ገበያ የሚወጣ ዓይነት አልነበረም። የሰው ልብስ አጠብኩ፣ የሎሪዎች ማቆሚያ ዳር ሻይ ሸጥኩ፣ ዓረብኛውንም እዚያው ከሾፌሮች ጋር ስሰዳደብ ለመድኩት። ቤተ ክርስቲያን ከረገጥኩ ዓመታት አልፈው ነበር። የእኛ ትውልድ እግዚአብሔርን ከባላባቱ ጋር አንድ ላይ ነበር የሻረው።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። የጠገዴ፣ የጠለምት፣ የወልቃይት ሰው ቀን ቀን እየተደበቀ፣ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ ድንበሩን ተሻግሮ ይፈስስ ጀመር። የእርዳታ ሰዎች አስተርጓሚ ሲፈልጉ ተቀጠርኩ። ኬሚስትሪ መማሬን ሲሰሙ ደግሞ ከአስተርጓሚነቱ አንስተው ውሃ ላይ መደቡኝ። አለቃዬ ኡስታዝ በሽር የሚባል ረጅም፣ ቀጭን የከሰላ ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲጋራ ያጨሳል፣ ቀኑን ሙሉ ይጨነቃል። ከጭንቀቱ ብዛት ይሁን ከደግነቱ እንጃ፣ በማንም ላይ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም።

ከገዳሪፍ ወደ መጠለያው የሚወስደው መንገድ በዚያ ወቅት ደስ ይል ነበር ብል ነውር ይሆንብኛል፤ ግን ደስ ይል ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ በየማሳው ነዶው ቆሟል። ጥቁሩ አፈር ደርቆ እግር የሚውጥ ስንጥቅ አውጥቷል። ከዱራው፣ ከማሽላው፣ አገዳ የሚመጣው ጣፋጭ ሽታ ከአቧራው ጋር አፍንጫ ይሞላል። ሾፌሩ መንገድ ላይ አቁሞ በሰሊጥ ዘይት የራሰ ፉል ያበላናል። ሆዳችን ሞልቶ፣ እጃችን የሰሊጥ ዘይት እየሸተተ መጠለያው ስንደርስ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው እጃችንን ያያል። ከዚያ ዓመት በኋላ ለረጅም ጊዜ ፉል አልቀመስኩም።

መጠለያው አትባራ ወንዝ ዳር ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬ የሰሊጥ እርሻ ሆኗል። በበጋ አትባራ አይፈስም፤ እየተቆራረጠ እዚህም እዚያም ኩሬ ይሠራል። በኩሬው ሰው ይታጠባል፣ አህያ ይጠጣል፣ ከዳሩ ያለው ቁጥቋጦ ደግሞ ለሁሉም መጸዳጃ ሆኗል። በሽታው የሚነሳው ከዚያ ነው። ተቅማጥና ትውከት የጀመረው ሰው ጧት በእግሩ ሲሄድ ታይቶ ማታ ይቀበራል።

እኛ ከወንዙ ራስጌ በቦቴ የሚመጣ ውሃ እንቀበላለን። ውሃውን ትልቅ የሸራ ታንከር ውስጥ እንሞላና የክሎሪን ዱቄት እናሟሟበታለን። ዱቄቱ ጀርሙን ይገድላል፤ ግን ወዲያው አይገድልም፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሥራችን እንግዲህ ይኸው ነበር፤ ዱቄቱን መጨመርና ሰዉን ማስጠበቅ። ዱቄት መጨመር ማንም ያውቅበታል።

«በረኪና አጠጡን» አለ ሰዉ። ሽታው ያው የበረኪና ሽታ ነው፤ ምን ብዬ ልካድ። ከሁሉም ያስቸገረችኝ ጥሩወርቅ የምትባል የጠገዴ ሴት ነበረች። ሁለት ወንዶች ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራ ማንጠግቦሽ የምትባል ሕፃን ሴት ልጇን ብቻ አዝላ የደረሰች ናት። ልጅቷን ከጀርባዋ አታወርዳትም። ስትተኛ እንኳ እንዳዘለቻት በጎኗ ትጋደማለች ይሉ ነበር።

«ጓንግ እያለ ምን ቆርጦኝ ነው በረኪና እማጠጣት?» አለችኝ አንድ ቀን እንስራዋን ይዛ ወደ ኩሬው ስትወርድ መንገድ ብዘጋባት። «ያገራችን ውሃ ነው እኮ። እኛን ተከትሎ የመጣ።»

ይህን ያለችው እሷ ብቻ አይደለችም። ጎንደር ውስጥ ጓንግ ተብሎ የሚነሳው ወንዝ ነው ድንበሩን ሲሻገር አትባራ የሚባለው። እነሱም በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ መሐል የሚያውቁት ነገር ያ ውሃ ብቻ ሆነና አመኑት። ሞትም ተከትሏችሁ መጥቷል ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥ አደረግሁት። ጥሩወርቅ ትከሻዬን ገፋ አድርጋ ወረደች።

ወደ ታንከሩ የሚመጡትም ቢሆኑ አይጠብቁም። የተጠማ ሰው ውሃ ፊቱ ቆሞ እያየ ግማሽ ሰዓት ታገስ ሲሉት እንዴት ይሰማል? ዱቄቱ ገና ሳይሟሟ ይሻማሉ። ዱላ የያዙ ጠባቂዎች ብናቆም ጭራሽ ሰው ሸሸን፤ ዱላ ከያዘ ሰው ሸሽተው የመጡ ናቸውና። ኡስታዝ በሽር ሲጋራውን በሲጋራ እየለኮሰ «ያ ገነት፣ ሞያው አለ፣ ሰው የለም» ይለኛል፤ ሞያ የሚለው በዓረብኛ ውሃውን ነው። ውሃው ሞልቶ ሰው በውሃ ወለድ በሽታ ይሞታል።

አንድ ጧት ቄስ አድማሱ መጡ። ቄስ አድማሱ ከጠገዴ ከምእመናኖቻቸው ጋር በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። አብረዋቸው የተነሱት ካህናት ከፊሎቹ መንገድ ላይ ቀርተዋል፣ ከፊሎቹ ወደ ሌላ መጠለያ ተበትነዋል፤ እዚያ የነበሩት ቄስ እሳቸው ብቻ ናቸው። ያላቸው ንብረት የእጅ መስቀልና መቋሚያ ነው። ዓይናቸው ይስቃል። እንዲህ ያለ ዓይን በዚያ ቦታ ማየት ግራ ያጋባ ነበር።

«ልጄ፣ ዱቄቱን ከጨመርሽ በኋላ ለምንድን ነው እምትከለክያቸው?»

«እንዲሠራ ጊዜ ይፈልጋል አባ።»

«ስንት?»

«ግማሽ ሰዓት።»

«ማን ሰዓት አለው ብለሽ ነው?» አሉና ወደ ታንከሩ አዩ። «የማለዳውን ጸሎት ረጋ ብዬ ባደርሰውስ?»

በነጋታው ከታንከሩ አጠገብ ቆመው ሲያደርሱ በእጅ ሰዓቴ ያዝኩላቸው። ከግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ አለ። ይበቃል አልኳቸው። ግን የድሮው ተማሪነቴ ተነሳብኝና «ጠበል ነው ሊሏቸው ነው?» ብዬ በጥርጣሬ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ ምን በወጣኝ፣ አልዋሽም። ጠበል አይደለም፣ ውሃ ነው። ጸሎት ግን የትም ይጸለያል። እኔ ስጸልይ ደግሞ አቋርጦኝ እሚቀዳ ሰው ካለ እናያለን።»

አልነበረም። ያ እየተጋፋ ታንከሩን ሊገነጥል የነበረ ሰው ጸሎቱ ሲጀመር ነጠላውን አጣፍቶ ቀጥ ይላል። ሲጨርሱ መስቀሉን ከፍ ያደርጋሉ፤ ያኔ ቧንቧው ይከፈታል፣ ሰዉ በተራ ተራ መስቀል እየተሳለመ ይቀዳል። ከኩሬው የቀሩት ቀስ በቀስ መጡ። እስላሞቹም በበኩላቸው ከሰልፉ ገለል ብለው በአክብሮት ይጠብቃሉ፤ ልጆቻቸውን እየላኩ «የቄሱ ውሃ ደረሰ?» ብለው ያስጠይቃሉ። ደረሰ የሚለውን ቃል ያመጡት ሴቶቹ ናቸው፣ እንደ ሊጥና እንደ ጠላ። እኔም ለምጄው ለኡስታዝ በሽር ሪፖርት ሳደርግ ሳላስበው «ደርሷል» እለው ነበር።

ጥሩወርቅም መጣች። ማንጠግቦሽን ያጠመቋት ቄስ አድማሱ ናቸውና እሳቸው የጸለዩበትን ውሃ በረኪና ነው ማለት አልቻለችም። አፍንጫዋን ይዛም ቢሆን ቀዳች። መቃብር የሚቆፍሩት ሰዎች ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠው መታየት ጀመሩ። በዚያ ስፍራ ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል።

ከዚያ ብርዱ ገባ። ሱዳን ብርድ የለም የሚል ሰው ታኅሣሥ ላይ አትባራ ዳር አላደረም። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ራኩባውን፣ ያን የሣር መጠለያ፣ አልፎ አጥንት ይገባል። ሰዉ የሚለብሰው የለውም፤ ማዳበሪያ ቀዶ የለበሰ ብዙ ነው። በሽታው ደግሞ እንደገና ተነሳ። በመጀመሪያ ዱቄቱ የተበላሸ መሰለን። በኋላ ግን የታመሙትን እየዞርኩ ስጠይቅ ሁሉም ማለት ይቻላል የማለዳውን፣ የመጀመሪያውን ውሃ የቀዱ ሆኑ። እኩለ ቀን ላይ ተሞልቶ እንዲሁ በጸሎት የሚደርሰውን የጠጡት ደህና ናቸው። ከታመሙት መሐል አንዷ ማንጠግቦሽ ነበረች።

ከሐኪሞቹ የክትባት ማቀዝቀዣ ቴርሞሜትር ተውሼ ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ጧትና ቀትር ለካሁ። ልዩነቱን ሳየው ያ አዳራሽ፣ ያ መምህር፣ በጠመኔ የተጻፈው ቀመር ፊቴ መጣ። ክሎሪን ጀርም ሲገድል በየደቂቃው እኩል ቁጥር አይገድልም፤ ከቀረው ላይ እኩል እጅ ነው የሚገድለው። ግማሹ ይሞታል፣ ከዚያ ከቀረው ግማሹ፣ ከዚያም ከቀረው ግማሹ። ውሃው በበረደ ቁጥር ያ ግማሽ የሚሆንበት ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። ከሰል አንስቼ ማዳበሪያው ላይ ሠራሁት። በቀትር ግማሽ ሰዓት የሚበቃው ውሃ በማለዳ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይፈልጋል። ቀና ስል መቃብር ቆፋሪዎቹ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ረሃቡም እኛን በዚሁ ስሌት፣ ከቀረነው ላይ እኩል እጅ እያነሳ የሚወስደን መሰለኝ።

ማዳበሪያውን ይዤ ኡስታዝ በሽር ዘንድ ሄድኩ። ዱቄቱን እናብዛ እንዳንል ሊያልቅ ደርሷል፤ ሽታው ከበረታም ሰዉ ወደ ጓንግ ይመለሳል። የማለዳውን ትተን በቀትሩ ብቻ እንጀምር እንዳንል ሰዉ ከትናንት ጀምሮ ጠብታ ያልቀመሰ ነው። ማታ ሞልተን ብናሳድረው ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር፤ ግን ያለን ታንከር አንድ ነው፣ የምሽቱ ውሃ እስኪመሽ ተቀድቶ ያልቃል። ቦቴው ደግሞ ሽፍታ ፈርቶ ከጨለመ በኋላ አይንቀሳቀስም።

«ሁለተኛ ታንከር ጠይቄአለሁ» አለ። «ጃይ፣ ጃይ፣ መንገድ ላይ ነው ይሉኛል።» እኔም የቀረኝ ሰው አንድ ነው።

ቄስ አድማሱ ዘንድ ስሄድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ቀመሩን እንዴት እንደማስረዳቸው ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ «ውሃው ሲበርድ ዱቄቱ ሥራው ይዘገያል አባ» አልኳቸው።

«እንደ ጠላ ነዋ! ቆላ በሦስት ቀን እሚደርሰው ደጋ ሲወጣ ሳምንቱን ይፈጃል።»

«እንደዚያ ነው።»

«እና እጥፍ ይሁንልሽ?»

«ከእጥፍም በላይ ነው አባ።»

ከዚያ ያ ዓይናቸው ሳቀ። «ያጣነው እህል ነው እንጂ ጸሎት መች አጣን። ረጅም ረጅሙ ሞልቷል።»

በማግስቱ ማለዳ ቦቴው ውሃውን እንዳራገፈ ጀመሩ። ተቀምጠው እንዲጸልዩ ለመንኳቸው። «ሕዝቡ ቆሞ?» ብለው መለሱልኝ። ሕዝቡንም እናስቀምጥ አልኳቸው፤ መሬቱ በጤዛ እርጥብ ነው፣ ልጆቹ ይታመማሉ አሉኝ። ለሁሉም መልስ አላቸው። ጾመ ነቢያት ነበርና የጸለዩበትን ውሃ እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። የታመመ ሰው አይጾምም ብለው ለሌላው ሁሉ ፈቅደዋል፤ «እኔ ግን አልታመምኩም» ይላሉ። በስስ ጋቢ ተጠቅልለው፣ አገጫቸውን መቋሚያው ላይ አስደግፈው ያን ሁሉ ጊዜ ይቆማሉ።

የእኔ ሥራ በየማለዳው ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ከትቶ ማውጣት ሆነ። «ዛሬስ?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ውሃው ጥቂት ሞቅ ያለበት ቀን ደመወዝ የተጨመረልኝ ያህል ደስ ይለኛል፤ ጸሎቱ በዚያው ልክ ያጥራል። ነፋሱ የበረታበት ቀን ደግሞ ገና ሳልናገር ፊቴን አይተው «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» ይላሉ። ያን ቀጭን ብርጭቆ ሳነብ የማነበው የውሃውን ብርድ አልነበረም፣ የሽማግሌ እግር ነበር። አንዳንድ ቀን ዲግሪውን ከፍ አድርጌ ልንገራቸው እልና ማንጠግቦሽ የተኛችበትን ድንኳን አያለሁ። አልዋሸሁም።

ሒሳቡ ሠራ። የማለዳ ታማሚዎቹ ቀነሱ። ማንጠግቦሽ ከሞት ተመለሰች፤ አንድ ቀን እናቷ እየሮጠች መጥታ «ገንፎ አምጪ አለችኝ! ጮኻብኝ! ሰደበችኝ!» ብላ አቀፈችኝ። ልጅ ሰደበችኝ ብሎ እንዲያ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም። እኔም አብሬ አለቀስኩ። በዚያው ቅጽበት ግን ከታንከሩ በኩል የቄስ አድማሱ ሳል ይሰማኝ ነበር።

ሳሉ እየበረታ ሄደ። ስኳር የበዛበት ሻይ ብወስድላቸው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሙቀቱን ብቻ ይወስዱና «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን?» ብለው ይመልሱልኛል። ተቆጣኋቸው። ከአንድ ቄስ ጋር እንደዚያ ስጨቃጨቅ እናቴ ብታየኝ በኀፍረት ትሞት ነበር። «ደግሞ በገና እንጠጣዋለን፣ አብረን» አሉኝ። ሐኪሙ ሳንባቸውን አዳምጦ አይቁሙ አለ። አሁን እንኳ ይተዉታል ስል ተሸክማችሁ ውሰዱኝ አሉ። በዓንገረብ፣ በገመድ አልጋ፣ ተሸክመው ከታንከሩ አጠገብ አስቀመጧቸው። ድምፃቸው ጠፍቷል። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሕዝቡም ምንም ሳይሰማ ከንፈራቸውን እያየ ይቆማል፤ ሲጨርሱ መስቀሉን ብድግ ያደርጋሉ፣ ቧንቧው ይከፈታል።

ገና ሳምንት ሲቀረው፣ ከሁሉም ቀን የከፋ ብርድ ባለበት ማለዳ፣ እንዲሁ አምጥተው አስቀመጧቸው። ዱቄቱን ጨመርኩ፣ ዲግሪውን በጆሯቸው ነገርኳቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰልፉ ቆመ። ፀሐይዋ ከግራሮቹ በላይ ወጣች። ሰዓቴን አየሁ፤ ሊደርስ ነው። ቆይቼ አየሁ፤ ደርሷል። መስቀሉ አልተነሳም። ጸሎቱን አስረዝመው ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ደግሞ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ መጨረሻ ያየሁት መቼ እንደሆነ አሰብኩና ማስታወስ አቃተኝ።

ቀና ብዬ ሰዉን አየሁ። ከፊት ያሉት ያያሉ። ከኋላ ያሉትም ከፊት ካሉት ጀርባ ላይ አንብበውታል። አንድም ሰው ግን አልተነፈሰም። ገብቷቸዋል። አንድ ሰው ኡኡ ካለ ልቅሶ ይነሳል፣ ልቅሶ ከተነሳ ሰልፉ ይፈርሳል፣ ሰልፉ ከፈረሰ ቄስ አድማሱ የቆሙለት ነገር ሁሉ ይፈርሳል። ሕፃናት በጥም ያለቅሳሉ። ኡስታዝ በሽር ሲጋራውን ጥሎ ቆቡን አውልቆ ቆሟል። ጠጋ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ከውሃው ይበርድ ነበር።

ጥሩወርቅ ከሰልፉ ወጥታ መጣች። ማንጠግቦሽ ጀርባዋ ላይ ነበረች።

«ውሃው ደርሷል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ደርሷል» አልኳት። «ከደረሰ ቆይቷል።»

እንስራዋን አስቀመጠች። ተንበርክካ መስቀሉን ተሳለመች። ከዚያ መዳፏን ከእጃቸው ሥር አስገብታ፣ መስቀሉን እንደጨበጡ፣ እጃቸውን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ከፍ አደረገችው።

ቧንቧውን ከፈትኩ። ሰዉ በተራው እየመጣ መስቀሉን ተሳለመ፣ ቀዳ፣ የቀዳውን ይዞ ከዓንገረቡ ማዶ ቆመ። ማንም ወደ ራኩባው አልሄደም። ጥሩወርቅ ክንዷን በሌላ እጇ ደግፋ ያን እጅ ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ልተካሽ ብላት ራሷን ነቀነቀች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እስላም ክርስቲያን ሳይል ቀድቶ እስኪያልቅ ከውሃው ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። የመጨረሻዋ አሮጊት ቅሏን ሞልታ ዘወር ስትል ጥሩወርቅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፈችና ጮኸች። ያኔ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ላይ ኡኡ አለ። በሕይወቴ ብዙ ልቅሶ ሰምቻለሁ። ታፍኖ ቆይቶ የወጣ ልቅሶ ግን ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት፤ ደግሜም እንዳልሰማ እጸልያለሁ።

ሁለተኛው ታንከር ከአርባቸው በፊት መጣ። ተጠቅልሎ ሎሪ ላይ ተጭኖ፣ አቧራ ለብሶ። ኡስታዝ በሽር ሲያራግፉት ፊቱን አዙሮ ቆመ። የዚያን ዕለት ማታ ሞልተን፣ ዱቄቱን ጨምረን፣ ክዳኑን አስረን ተኛን። ሲነጋ ውሃው ደርሶ አደረ። ማንም አልቆመለትም።

ዛሬም ገዳሪፍ በስደተኛ ተሞልታለች፤ አሁን የሚመጣው ደግሞ ከካርቱም በኩል ነው። ሐናን ከሄደች በኋላ ብቻዬን ሆኜ ያን ሒሳብ እንደገና ሠራሁት፣ ስህተት ፍለጋ። እንደ ድሮው ስህተት አጣሁበት። ስህተት ቢገኝበት ኖሮ ቢያንስ የምወቅሰው ሰው፣ ራሴን፣ አገኝ ነበር። ውሃው ልክ ነው፣ ጊዜው ልክ ነው፣ ብርዱም ልክ ነው፤ ማንጠግቦሽም በሕይወት ተርፋለች። ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ አንድ ደግ ሽማግሌ በሸራ ቁራጭ መዘግየት ሞቱ። ሰዎች ጊዜ ሁሉን ያስረሳል ይላሉ፣ ቄስ አድማሱም ቢሆኑ ይቅር በይ ይሉኝ ነበር። እኔ ግን እንደ እሳቸው አይደለሁም። ተናድጃለሁ፤ ዛሬም።